የፖም ሳምቡሳ ፎርኖ በሌለው ጓዳ

ስለ ኬክና በፍራፍሬ ስለተሞላ ጣፋጭ መክሰስ በተነሣ ቁጥር ብዙ እናቶች «ይህ ፎርኖ ላላቸው ነው» ብለው ነገሩን ገና ሳይጀምሩት ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ ፖም የባለ ኬክ ቤቶችና የትልልቅ ከተማ ነዋሪዎች ምግብ እንጂ የእኛ ጓዳ ዕቃ አይደለም ብለው ያስባሉ። ነገር ግን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚታጠፈው ትንሽ የፖም መክሰስ የሚጠይቀው ሙያ በአገራችን ቤቶች ከቆየው ሙያ የተለየ አይደለም። ሊጡ ከቂጣ፣ አስተጣጠፉ ከሳምቡሳ፣ እሳቱ ደግሞ ከድፎ ዳቦ የተወሰደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነዚህን ሦስቱን የምታውቅ ባለሙያ አራተኛውን ለመሥራት ፎርኖ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ መክሰስ ከአጣዬና ከአካባቢዋ የቤት ኑሮ ጋር አያይዘን እንመለከታለን። አጣዬ፣ በቀድሞ ስሟ ኤፌሶን፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ትገኛለች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት የይፋት ምድር ነው። ጤፉ፣ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ፣ ማንጎውና ፓፓያው የቆላው በረከት ነው።

ይህች ከተማ በ2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃትና ቃጠሎ የሰው ሕይወት አጥታለች፤ ብዙ ቤትም ከነጓዳው ወድሞባታል። ቤት ሲቃጠል የሚጠፋው ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም። ምጣዱ፣ መሶቡ፣ እንስራው፣ ለዓመታት የተጠራቀመው የእናት ዕቃ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ቤት ጓዳውን እንደገና ሲያቋቁም መጀመሪያ የሚገዛው አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ወፍራም ድስትና አንድ መጥበሻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው አሠራርም የሚነሣው ከእነዚሁ ሦስት ዕቃዎች ነው። ልጆች ለመክሰስ የሚበሉት ነገር እናት ከምታውቀው ዘይትና ከምታውቀው ዱቄት በቤት ውስጥ እንዲሠራ ማድረግ የሙሉ ጓዳ ጉዳይ ሆኖ መታየት የለበትም።

ፖሙ ከየት ይመጣል?

ፖም፣ በዛሬው ገበያ አጠራር አፕል፣ የብርድ አገር ተክል ነው። የዱር ዘሩ ዛሬም ድረስ በመካከለኛው እስያ በካዛኪስታን ተራሮች ላይ ይገኛል። ዛፉ በየዓመቱ የሚያርፍበት የብርድ ወቅት ይፈልጋል። በቂ ብርድ ካላገኘ እምቡጡ በደንብ አይፈነዳም፤ ፍሬም አይዝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋው በአጣዬ ቆላ የተለመደው ፖም የማይበቅለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጓሮዋ የፖም ችግኝ ተክላ ፍሬ የምትጠብቅ የቆላ እናት ድካሟ ከንቱ እንዳይሆን ማንጎና ፓፓያ ብትተክል ይሻላታል።

በአገራችን በፖም ስሙ የታወቀው በጋሞ ደጋ የሚገኘው ጨንቻ ነው። ተክሉ ከ60 ዓመት በላይ በፊት በሚሲዮናውያን አማካይነት ወደዚያ ገብቶ ዛሬ የብዙ ገበሬ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። በሰሜን ሸዋም ቢሆን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ደጋ ፖም ይለማል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ሰንበቴና ወደ አጣዬ የሚወርደው መንገድ ሁለቱን የአየር ጠባይ በጥቂት ሰዓት ያገናኛል። የደጋው ፍሬ ይወርድበታል፤ የቆላው ማንጎና ሽንኩርት ይወጣበታል። ከውጭ አገር የሚገባውም ፖም በከተሞች ይሸጣል።

ለመሙያ የሚሆነው ፖም ጠንካራና ጎምዘዝ የሚለው ነው። በጣም የበሰለና የላላ ፖም በእሳት ላይ ፈርሶ ገንፎ ይሆናል። በመንገድ ላይ ተመትቶ ቦታ ቦታ የጠቆረ ፖም በርካሽ ሲገኝ የጠቆረውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም ይቻላል። የሻገተውን ወይም የበሰበሰውን ግን ቆርጦ ማዳን አይበጅም። የሻጋታው መርዝ ከሚታየው ቦታ አልፎ ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላልና፤ መቀቀልም ፈጽሞ አያጠፋውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከዚህ በታች የተመለከተው መጠን 20 ያህል ትንንሽ ሳምቡሳዎችን ይሠራል። ብርጭቆ የተባለው ሩብ ሊትር የሚይዘው የውሃ ብርጭቆ ነው።

ለሊጡ፦
የፉርኖ ዱቄት ግማሽ ኪሎ (4 ብርጭቆ ያህል)፤
የምግብ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ፤
ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፤
ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ፤
ውሃ ሦስት ሩብ ብርጭቆ ያህል።

ለመሙያው፦
መካከለኛ ፖም ከ5 እስከ 6 (750 ግራም ያህል)፤
ስኳር 5 የሾርባ ማንኪያ፤
የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ፤
የተፈጨ ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤
ኮረሪማ ለሚወድ በጣት ጫፍ፤
ዱቄት 1 የሾርባ ማንኪያ።

መሙያው

ከሊጡ በፊት መሙያውን መሥራት ያስፈልጋል። ምክንያቱም መሙያው ሊጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት።

ፖሙ ታጥቦ ይላጣል፤ የመካከሉ ፍሬ ይወጣል። ከዚያም እንደ ባቄላ ፍሬ መጠን ይከተፋል። ተቆርጦ አየር ያገኘው ፖም ወዲያው ስለሚጠቁር እየተከተፈ ሎሚ ይጨመቅበታል። ልጣጩን ለመጣል የማትፈልግ እናት ከቀረፋ ጋር በውሃ አፍልታ ልጆች የሚጠጡት ሻይ ልታደርገው ትችላለች።

የተከተፈው ፖም ከስኳሩ ጋር ወደ ድስት ይገባል፤ ውሃ አይጨመርበትም። ከፖም ክብደት ከ100 እጅ 85 ያህሉ ውሃ ስለሆነ ስኳሩ ይህንን ውሃ ስቦ ያወጣዋል። በመካከለኛ እሳት ላይ እየተማሰለ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበስላል። ውሃው ሊደርቅ ሲቃረብ አንዱ ማንኪያ ዱቄት ተነስንሶ ለሁለት ደቂቃ ይማሰላል። ቀረፋውና ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ይጨመራል።

መሙያው መድረሱ የሚታወቀው ማንኪያ በድስቱ ወለል ላይ ሲጎተት የተከፈለው መንገድ ወዲያው ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ብዙዎች ሳምቡሳው ከሥር ረጥቦ የሚበጠስባቸው እዚህ ላይ ስለሚቸኩሉ ነው። ውሃው በድስት ውስጥ ካልወጣ በሊጡ ውስጥ መውጣቱ አይቀርም። የበሰለው መሙያ በሰፊ ሰሐን ላይ ተዘርግቶ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል።

ሊጡ

ዱቄቱ ተነፍቶ ከጨውና ከስኳር ጋር ይደባለቃል። ዘይቱ ይጨመርና ዱቄቱ እንደ ፍርፍር እስኪሆን ድረስ በሁለት እጅ መዳፍ ይታሻል። ይህ መታሸት ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። ዘይቱ የዱቄቱን ቅንጣት በመሸፈን ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ ተለጥጦ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ሲበላ ፍርክስክስ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ውሃ ከገባ በኋላ ለዳቦ እንደሚደረገው አጥብቆ ማሸት አይገባም። ውሃው ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ሊጡ እጅ መያዙን ሲተው ይበቃዋል።

የቆላ ሙቀት ሊጡን ቶሎ ያላላዋል። ስለዚህ ሥራውን በጠዋት መጀመር፣ በእንስራ የቀዘቀዘ ውሃ መጠቀምና ሊጡን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በጥላ ለግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ይጠቅማል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በገላው ላይ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነውም ሊጥ በዚሁ መንገድ ይቀዘቅዛል።

በቅቤ መሥራት የምትፈልግ ባለሙያ በዘይቱ ፈንታ 150 ግራም ያህል ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ልትጠቀም ትችላለች። ቅመም የገባበት የወጥ ቅቤ ግን ከፖምና ከቀረፋ ጋር አይስማማም።

ያረፈው ሊጥ በ20 ይከፈልና እያንዳንዱ በጠርሙስ ወይም በመዳመጫ እንጨት ተዳምጦ የሻይ ሰሐን የሚያህል ክብ ይሆናል። በመካከሉ አንድ የሾርባ ማንኪያ መሙያ ይደረጋል፤ ከዚህ የበለጠ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ጠርዙ በውሃ በረጠበ ጣት ይታበሳል። ለሁለት ታጥፎ በጣት ከተጫኑት በኋላ በሹካ ጫፍ ዙሪያውን መጫን ጠርዙን ያጠብቀዋል፤ መልክም ይሰጠዋል። በድስት ለሚጋገረው እንፋሎቱ እንዲወጣ ከላይ በሹካ አንዴ ይወጋል። በዘይት ለሚጠበሰው ግን ፈጽሞ አይወጋም።

ሦስት ዓይነት እሳት

የመጀመሪያው የድፎ ዳቦ እሳት ነው። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከሥርና ከላይ እሳት ሲያገኝ እንደሚበስለው ሁሉ ይህም በሁለት ወገን እሳት ይበስላል። በወፍራም የብረት ድስት ወለል ላይ ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ሁለት ጣት ያህል ይነጠፋል። ወይም ሦስት እኩል የሆኑ ጠጠሮች ይቀመጣሉ። ድስቱ ተከድኖ ለ10 ደቂቃ ከጋለ በኋላ ሳምቡሳዎቹ የተደረደሩበት ዘይት የተቀባ ትሪ ከላዩ ይቀመጣል። ትሪው የድስቱን ግድግዳ መንካት የለበትም። የብረት ክዳኑ ይከደንና ጥቂት ፍም ከላዩ ይደረጋል። ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ውስጥ ቀላ ብሎ ይበስላል። ከሥር ያለው ፍም ከላይ ካለው ያነሰ ይሁን፤ ካልሆነ ከላዩ ነጭ እንደሆነ ከሥሩ ያርራል። ፎርኖ ያላት እናት በ200 ዲግሪ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ታቆየዋለች።

ሁለተኛው የቂጣ እሳት ነው። በብረት ምጣድ ወይም በመጥበሻ ላይ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ፣ እሳቱ ዝግ ብሎ፣ እየተከደነ በእያንዳንዱ ጎን ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይጋገራል። ለዚህ አሠራር ሊጡ ሳሳ ብሎ መዳመጥ አለበት። ከሦስቱ ዘይት የሚቆጥበውና ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው።

ሦስተኛው የሳምቡሳ እሳት፣ ማለት በዘይት መጥበስ ነው። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ሊጥ ይጣልበታል። ሊጡ ከሥር ሆኖ ከቆየ ገና ነው። ወዲያው ከጠቆረ ግን በጣም ግሏል። አረፋ እየሠራ ቀስ ብሎ ከወጣ ልኩ ነው። መሙያው ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጎን 2 ደቂቃ ይበቃዋል። የጠቆረ፣ የሸተተ ወይም ገና ሳይግል የሚጨስ ዘይት ተመልሶ ለምግብ መዋል የለበትም።

ስለ እሳቱ መጠንቀቅ

መክሰስ ለመሥራት ሲባል ሕይወት አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ስለዚህ ከሰል የሚያያዘው ከቤት ውጭ ወይም በርና መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ማድቤት ብቻ ነው። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው ተብሎ የጋለ ምድጃ ልጆች ወደተኙበት ክፍል መግባት የለበትም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የጋለ ዘይት ድንገት እሳት ቢይዝ ውሃ አይረጭበትም። ምድጃውን ማጥፋት ከተቻለ ይጠፋል፤ መጥበሻው በክዳን ይታፈናል። ቃጠሎ የደረሰበት አካል በቀዝቃዛ ንጹሕ ወራጅ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ይቆያል። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ግን ቁስሉን ያባብሳል። በቃጠሎ የተጎዳ ሕፃን ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ለጤና ባለሙያ ይታይ።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ሳምቡሳው ከላይ ቀዝቅዞ ሳለ በውስጡ ያለው ፖም ገና እንደ ጋለ ይቆያል። ለሕፃናት ከመሰጠቱ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየትና ከፍቶ ማየት ምላሳቸውን ከመቃጠል ያድናል።

ፖም በጠፋ ወይም በተወደደ ጊዜ

በአጣዬ ገበያ ፖም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ለሁሉ አይቀምስም። ይህ ግን ሥራውን አያስቀርም። ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ በትንሹ ከተከተፈ በኋላ በጥቂት ውሃ ለ10 ደቂቃ ተቀቅሎ ይጠነፈፋል። ከዚያም ከላይ በተነገረው ዓይነት በስኳር፣ በቀረፋና ሎሚው በእጥፍ ተጨምሮበት ሲበስል ከፖም ጋር የሚቀራረብ መሙያ ይወጣዋል። ፓፓያ በራሱ ጎምዛዛነት ስለሌለው ሎሚው መቅረት የለበትም። ግማሹን ፖም፣ ግማሹን ፓፓያ ማድረግም ወጪውን ይቀንሳል።

ገና ያልላላ ማንጎም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በማንጎ ወቅት ብዙ ፍሬ ከዛፍ ሥር ወድቆ ስለሚበላሽ በዚህ መንገድ መጠቀሙ ብክነትን ያስቀራል። ማንጎ የራሱ ጣፋጭነት ስላለው ስኳሩ ወደ 3 የሾርባ ማንኪያ ዝቅ ይላል። ዘይቱን ያላት ደግሞ ቀቅላ በወንፊት ካጠለለችው በኋላ እስኪወፍር ማማሰል ትችላለች። ዘይቱን ያልነው ፍሬውን ነው።

ስለ ስኳር ከተነሣ፣ ከላይ በተሰጠው መጠን በአንዱ ሳምቡሳ ውስጥ የሚገባው ስኳር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከ50 ግራም፣ ማለት ከ12 የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይመክራል። በዚህ ላይ የሻዩ ስኳር ሲታከል ለአንድ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምቡሳ ይበቃዋል። ከበላ በኋላም አፉን ይጉመጥመጥ። በስኳር ፈንታ ማር የምትጠቀም እናት ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንደማይሰጥ ማወቅ አለባት።

አንድ ሳምቡሳ፣ ሁለት ማዕድ

በዘይት የተሠራው የፖም ሳምቡሳ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም። ስለዚህ በሁዳዴ፣ በፍልሰታ፣ በረቡዕና በዓርብ ለጾመኛ ይሆናል። በረመዳን ደግሞ በምስር የተሞላው ሳምቡሳ የማፍጠሪያ ማዕድ ጌጥ በመሆኑ የፖሙ ከጎኑ ቢቀርብ ቀኑን ሙሉ ለጾመ ሰው ከተምርና ከሾርባ ቀጥሎ የሚጥም ነው። ሁለቱ እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በይፋት ምድር እንደዚህ ሁለቱንም ማዕድ ያለ ጥያቄ የሚቀላቀል ምግብ ብዙ አይደለም። በዘይት ፈንታ የታሸገ ማርጋሪን ለመጠቀም የምታስብ እናት ግን አንዳንዱ ወተት ስለሚገባበት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይኖርባታል።

ሥራው ለገበያም ይሆናል። አጣዬ መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች ከሻይ ጋር የሚቀርብ መክሰስ ፈላጊ አያጣም። ለመሸጥ ያሰበች እናት ግን የዱቄቱን፣ የዘይቱን፣ የስኳሩንና የፍሬውን ወጪ ብቻ ደምራ ዋጋ ማውጣት የለባትም። ከሰሉ፣ የመጠቅለያው ወረቀት፣ ሳይሸጥ የሚያድረውና የራሷ የጉልበት ዋጋ አብሮ መታሰብ አለበት። የመጀመሪያውን ሳምንት 20 ብቻ ሠርታ ስንቱ እንደተሸጠ በደብተር ብትይዝ ከኪሳራ ትድናለች። ልጆቿ የሚበሉትም ከሽያጩ ተለይቶ ይመዝገብ።

የተረፈው በሚገባ እስኪቀዘቅዝ ሳይከደን ይቆያል። ትኩሱ ከተከደነ በራሱ እንፋሎት ይረጥባልና። ከቀዘቀዘ በኋላ ዝንብና አቧራ በማይገባበት ዕቃ ይቀመጣል። በቆላው ሙቀት ከማግስቱ ማለፍ የለበትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የበሰለው መሙያም በዚያው ቀን ማለቅ አለበት።

የመጀመሪያው ሙከራ ጠርዙ ቢከፈት ወይም አንዱ ጎኑ ቢያር ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። እንጀራም ቢሆን ዓይን የሚያወጣው እጅ ከለመደ በኋላ ነው። ከ20ው መካከል ያማረውን መርጦ በሰሐን ለጎረቤት መላክ ደግሞ በአገራችን የቆየ ወግ ነው። ሰሐኑም ባዶውን አይመለስም።